ወፍ የበሳው በረዶ

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። እኔ ያላየሁትን አልጽፍም፤ አንድ ሰው የነገረኝንም ሁለተኛ ሰው ካልደገመልኝ አልጽፍም። በዘጋቢነት ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቼ ማረሚያ ያወጣሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የአንድ በሬ መልክ ተሳስቼ። ቡሬውን ቀይ ብዬ ጻፍኩት። ባለቤቱ እስከ ዛሬ ወረታ ገበያ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ባርኔጣውን አንሥቶ «ያ ቀዩ በሬዬ እንዴት ነው?» ይለኛል። በሬው ከሞተ ቆይቷል። ስሕተቴ ግን ሳር እየጋጠ አለ።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሰው በታኅሣሥ መጀመሪያ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ መቀስ ይዞ፣ በዕድሜው አይቶት የማያውቀውን ነገር ከወረቀት ሲቆርጥ ብታገኙት ምን ትሉታላችሁ? ባለቤቴ ያለችኝን ልንገራችሁ። «ጡረታው ሳይደርስ ጀመርከው?»

የምቆርጠው በረዶ ነበር። እኛ የምናውቀውን፣ ቆርቆሮ ደብድቦ ማሳ አጭዶ የሚሄደውን ማለቴ አይደለም። እሱንማ ስንት ጊዜ ዘግቤዋለሁ፤ ሲወርድ «ጉዳት አደረሰ» የሚለውን ቃል ይዞ ነው የሚወርደው። ይሄኛው ሌላ ነው። ድምፅ የለውም። እንደ ጥጥ ብናኝ እየተንሳፈፈ ይወርዳል፤ ቀርበው ሲያዩት እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ ጥልፍ የተሠራ ነው ይባላል። «ይባላል» ነው ያልኩት። አላየሁትም።

ነገሩ የመጣው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ ያመጡትም አያ ይግዛው ናቸው። አያ ይግዛው ከወረታ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ሩዝ የሚያመርቱ፣ ሰባ ዓመትን የተሻገሩ ገበሬ ናቸው። ሲራመዱ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ የሚሄዱ ይመስል እግራቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚያነሡት። ፎገራ በክረምት ባሕር ነው፤ በበጋ ደግሞ ባሕር መሆኑን ያልረሳ ሜዳ ነው። የአያ ይግዛው እግርም እንደዚያው።

«እንዴት አረፈድክ፣ አንት ወረቀተ ብዙ» አሉኝ ከደጅ።

«ደህና አረፈዱ፣ አያ። ይግቡ።»

«አልገባም። ጋዜጠኛ ወረቀት አያጣም ብዬ ነው። ጠንከር ያለ ወረቀት ፈልጌ።»

«ምን ሊያደርጉበት?»

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ግራ ቀኙን ቃኙ። ከዚያ እንደ ኮንትሮባንድ ሹክ አሉኝ፤ «በረዶ ልሠራበት።»

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው። ሩዝ በፎገራ ገና እንግዳ ሰብል በነበረበት ዘመን ኬንጂ የሚባል ጃፓናዊ የሩዝ ባለሙያ መጥቶ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ነበር። የሙከራ ማሳው ከአያ ይግዛው ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነው። ሩዙ ሲያሸት ወፍ እንደ ደመና እየወረደ ስላስቸገረ፣ ሁለቱ አንድ ማማ ሠርተው፣ እዚያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከንጋት እስከ ጀንበር ወፍ ሲጠብቁ ባጁ። አንድ ማማ ላይ አብሮ የባጀ ሰው ከዘመድ ይበልጣል፤ ከዘመድ ተጣልቶ መሄድ ይቻላል፣ ከማማ ግን መውረጃው መሰላል አንድ ነው። ኬንጂ አማርኛ የተማረው እዚያ ላይ ስለሆነ አማርኛው ከሞላ ጎደል ለወፍ የሚነገር ነበር። «ሁሽ!» ይላል፤ ያጨበጭባል። ገበያ ወርዶም ነጋዴ ዋጋ ሲቆልልበት «ሁሽ!» ይል ነበር ይሉታል። ይህን የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እንዳልሰማችሁ እለፉት።

ኬንጂ አገሩ ከገባ በኋላ በየዓመቱ፣ የእነሱ ብርድ ሲጠና፣ በእጁ የሠራውን ካርድ ይልካል። ሰማያዊ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ነጭ በረዶ፤ ከሥሩ በተንጋደደ ፊደል «አያ»። አያ ይግዛው ካርዶቹን ሁሉ ግድግዳቸው ላይ ደርድረዋቸዋል። የምድጃው ጭስ የማይደርስበት ቦታ ስለሌለ የቆዩት በረዶዎች ጠቁረዋል። ጥቁር በረዶ ማየት የሚፈልግ ሰው ከእሳቸው ቤት ሌላ የት እንደሚሄድ አላውቅም።

አምና ካርድ አልመጣም። ዘንድሮ የኬንጂ ሚስት ለወይዘሪት ሰላም ጻፈችላት። ሰላም ወረታ የምትሠራ የሩዝ ተመራማሪ ናት፤ ለሥልጠና ወደዚያው አገር ልትሄድ ተዘጋጅታለች። ደብዳቤው ኬንጂ ታሟል ይላል፤ በሽታው መርሳት ነው። ልጆቹን በሌላ ሰው ስም ይጠራል። ኢትዮጵያ የኖረባቸውን ሁለት ዓመታት ሲያነሡለት «የት?» ብሎ ይጠይቃል።

«ረስቶኛል አሉ» አሉ አያ ይግዛው የበሩን መቃን እየዳሰሱ።

«በሽታ ነው እንጂ እሱ ፈልጎ አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ። አልተቀየምኩትም። ግን እስቲ ልብ በል። ያን ጊዜ ማማው ላይ የነበርን እሱና እኔ ነን። ባለቤቴ ጥሩነሽ እንኳ ምሳ አድርሳ ነው የምትመለስ። ያ ሁሉ ወግ፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ምስክሩ ሁለት ሰው ነው። እሱ ከጣለው እኔ ብቻዬን ብናገር ማን ያምነኛል? ውሎ አድሮ እኔ ራሴስ አምነዋለሁ?»

ይህ ለእኔ የሚነገር ነገር አይደለም። ሁለት ምንጭ የነበረው ታሪክ ዓይኔ እያየ አንድ ምንጭ ሊቀረው ነው።

«ካርዱን ሲያየው ይመለስለታል ብለው ነው?»

«እንጃ። በረዶ ሲልክልኝ ኖሯል። በረዶ ብልክለት ምናልባት ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል።»

ሰላም የምትነሣው ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። «ይግቡ» አልኳቸው። በዚህ ጊዜ ገቡ።

ወረቀቱ አላስቸገረም። «ጎርፍ» የሚል የተጻፈበት ሰማያዊ የፋይል ሽፋን ነበረኝ፤ ስለ ፎገራ ውሃ የጻፍኩትን ሁሉ በሆዱ የያዘ። ባዶ አደረግሁትና ቆረጥኩት። በረዶም ቢሆን ውሃ ነው ብዬ ሕሊናዬን አሳመንኩ። ለበረዶው ነጭ ወረቀት ከማስታወሻ ደብተሬ ገነጠልኩ። ከዚያ ግን ልማዴ መጣ።

«አያ፣ በረዶ ስንት እግር ነው ያለው?»

«እግር?»

«ጨረሩን ማለቴ ነው።»

ከጋቢያቸው ሥር አንዱን የጠቆረ ካርድ አወጡ። ቆጠርን። ስድስት። ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ሲመጣ ስልኬ ላይ አጣራሁ። ስድስት። አምስት አይሆንም፣ ሰባት አይሆንም፤ ቅንጣቱ ሁሉ መልኩ ይለያያል፣ ስድስትነቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ሰማይ እንዲህ ያለ ጥብቅ አርታኢ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ወረቀቱን እስካጥፍ ድረስ ቆየ። እኛ አገር ነገር ሲታጠፍ ሁለት ነው፤ ሲደገም አራት፤ ሲሠለስ ስምንት። ጋቢም እንደዚያው ነው፣ ከረጢትም፣ የመንግሥት ደብዳቤም። ሦስት ቦታ የታጠፈ ጋቢ ያየ ሰው አላውቅም። የመጀመሪያው በረዶዬ አራት ጨረር ይዞ ተከፈተ።

«መስቀል ነው፤ ያምራል» አሉ አያ ይግዛው። «ለደብሩ እንሰጠዋለን።»

ሁለተኛው ስምንት ሆነ። «ይሄስ ሸረሪት ነው» አሉ። ለሦስተኛው ብልሃት መጣልኝ፤ ከስምንቱ ሁለቱን ጨረሮች ቆረጥኩ። ውጤቱ ሁለት እግሩን ያጣ ሸረሪት ነበር። አያ ይግዛው ብዙ አዩትና «ምስኪን» ብለው አስቀመጡት። አራተኛውን ስቆርጥ መታጠፊያውን ስለነካሁ፣ ስገልጠው ብትንትን ብሎ ወለሉ ላይ ረገፈ። ያን ቀን እንደ በረዶ የወረደልን እሱ ብቻ ነው።

«ስምንት እግር ያለውን እንላከው» አሉ በመጨረሻ። «ሁለት እግር ተረፈው ብሎ ማን ይከሰናል?»

«አያ፣ የሰው አገር በረዶ ነው። ከራሳችን ጨምረን መላክ አንችልም።»

«አይ አንተዬ» አሉ፤ «በሬ ቀይ ነው ያልክ ጊዜ ይህ ጥንቃቄ የት ነበር?»

ወሬው እዚያ ድረስ ወርዷል ማለት ነው።

ቅዳሜና እሑድ በእኔ እውነት ወዳድነት አለፉ። ሰኞ ተስፋ ቆርጠን ሐጂ ኑሩ ዘንድ ሄድን። ሐጂ ኑሩ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚለያዩበት መገንጠያ አጠገብ፣ አንድ በረንዳ ላይ፣ በእግር መኪና የሚሰፉ አንጋፋ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከአያ ይግዛው ጋር እኩያ ናቸው፤ እኩያ ስለሆኑም እንደ ልባቸው ይነካካሉ።

«ሐጂ፣ ክብ ነገር ስድስት ቦታ እኩል የሚከፈለው እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ለምንህ?»

«ለበረዶ።»

ሐጂ እግራቸውን ከመርገጫው አነሡ። መኪናው ትንሽ አጉረምርሞ ቆመ። «ይግዛው፣ ይሄን ሰው ምን አበላኸው?»

«እኔ ምን አበላዋለሁ? በልቶ ነው የመጣ። ትምህርት።»

ነገሩን አስረዳናቸው። ኬንጂ ሲባል ሐጂ ፊታቸው በራ። «ያ ሱሪው ሁልጊዜ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ? እኔ አይደለሁ እንዴ የጣፍኩለት! ወላሂ፣ በጨዋነቱ ጥሩ ሰው ነበር።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣ ወረቀቱን። አርባ ዓመት ኮፍያ ስሰፋ በስንት ቁራጭ የምሰፋ ይመስልሃል?»

ራሳቸው ላይ ያለውን ነጭ ኮፍያ አየሁት። ከጫፉ ወደ ታች የሚወርዱትን ስፌቶች ቆጠርኩ። ስድስት።

«በረዶ ተሸክሜ እኖር ነበር በለኝ» አሉና ወረቀቱን አንድ ጊዜ ለሁለት አጠፉት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ለክተው፣ አንዱን ጎን ወዲህ፣ አንዱን ጎን ወዲያ ደርበው ሦስት አደረጉት፤ የለውዝ መጠቅለያ መሰለ። መቀሱ እጃቸው ላይ ብዙም የሚንቀሳቀስ አይመስልም። ጥቂት ነጭ ፍርፋሪ ጭናቸው ላይ ወረደ። ከዚያ እፍ ብለው ገለጡት።

መገንጠያው ዝም አለ። የጎንደሩ ጭነት መኪና፣ ባጃጁ፣ «ይፋግ! ይፋግ!» የሚለው ረዳት፣ ሁሉም ዝም አሉ። ይህ ትክክል አይደለም፤ ማንም ዝም አላለም፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። የሐጂ መዳፍ ላይ ስድስት ጨረር ያለው፣ ከጨረሩ ላይ ሌላ ቀንበጥ ያበቀለ፣ በትንፋሽ የሚንቀጠቀጥ ነገር ተኝቶ ነበር። አያ ይግዛው ጣታቸውን ሰድደው ሳይነኩት መለሱ፤ የሚቀልጥ መስሏቸው ይሆናል።

«ስንት ነው ሐጂ?» አልኳቸው።

«በረዶ ሸጬ አላውቅም» አሉና መኪናቸውን ረገጡ።

ማክሰኞና ረቡዕ የመስክ ሥራ ስለነበረኝ ካርዱን የምንገጣጥመው ሐሙስ ጧት አያ ይግዛው ቤት ሆነ። ጽሑፉን ግን በየመንገዱ ሳዘጋጅ ስለቆየሁ፣ ገና ከባጃጅ እንደወረድኩ በኩራት አነበብኩላቸው።

«በፎገራ ወረዳ የዘንድሮው የሩዝ ምርት በአጥጋቢ ሁኔታ በመሰብሰብ ላይ እንደሚገኝ አርሶ አደር ይግዛው ገለጹ።»

«መቼ ገለጽኩ?» አሉ አያ ይግዛው።

«ሲፈርሙበት ገለጹ ማለት ነው።»

«ኬንጂ አርሶ አደር ይግዛው የሚባል ሰው አያውቅም። አያን ነው የሚያውቅ።»

እንደገና ጻፍኩ። «አያ በበኩላቸው» ስል ቀና ብለው አዩኝ፤ ሰረዝኩት። በመጨረሻ እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ፤ አንድ ቃል አላቃናሁም። እንዲህ ይላል፦ «ኬንጂ። አለሁ። ጥሩነሽም አለች። ላሚቱ ወለደች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። ሩዙ ታጨደ። ወፉ እንደዚያው ነው፤ አልሰለቸውም። ማማውን ውኃ ወሰደው፤ ቦታው ግን አለ። አያ።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን የመሰለ ዜና አልጻፍኩም።

የአያ ይግዛው ባለቤት እትዬ ጥሩነሽ ይህ ሁሉ ሲሆን ደጅ ላይ በሸራ የተሰጣውን ሩዝ በእግራቸው እያገላበጡ ይሰሙናል። ካርዱን ሲያዩ ግን ቆሙ።

«ለወዳጅ በረዶ ይላካል?»

«እትዬ፣ እነሱ አገር የሚወርደው ለስላሳ ነው» አልኳቸው።

«ማን አየው?»

በራሴ ጥያቄ ሲመቱኝ የመጀመሪያዬ ነው። አያ ይግዛው «ግድየለሽም፣ ጥሩነሽ፤ እሱ ራሱ ነው ሲልክልን የኖረ» ብለው ገላገሉኝ።

«ደግ። እንግዲያ ባዶውን አይሂድ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

የእኔ ሙጫ ጠርሙሱ ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ወደ ከተማ ልመለስ ስል እትዬ ጥሩነሽ ሳቁብኝ፤ «ሩዝ እያለ ሙጫ ፍለጋ?» ሩዙን አብዝተው ቀቀሉ፣ አላቆጡት፣ ነጭ ልጥፍ የሚል ነገር ሆነ። በረዶውን በዚያ ለጠፍነው። እሳቸው ግን አላበቁም። በየጨረሩ ጫፍ አንዳንድ የተፈተገ ሩዝ፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ስድስት ደርድረው አጣበቁ፤ በሰማያዊው ሜዳ ላይም እዚህም እዚያም በተኑበት፣ የሚወርድ እንዲመስል። እውነቴን ነው፣ አማረ። የፎገራ ሩዝ የጃፓን በረዶ ሆነ።

«አሁን ይድረቅ» አሉና ካርዱን ወስደው፣ ነገር ሁሉ የሚደርቅበት ቦታ ላይ፣ ከተሰጣው ሩዝ መካከል አስቀመጡት። «ወፍ ጠብቁ» ብለውን ወደ ላሚቱ ሄዱ።

አያ ይግዛውና እኔ ዋንዛው ሥር ተቀመጥን። አራት ሰዓት አልፏል። ፀሐይዋ የታኅሣሥ ናት፤ ትሞቃለች እንጂ አታቃጥልም። ከፊታችን የታጨደው ማሳ እስከ ሐይቁ ድረስ ተዘርግቷል፤ ጫፉ ላይ ምድርና ውኃ የሚለዩበት መስመር በጭጋግ ጠፍቷል። ነጫጭ የውኃ ወፎች ከከብቱ ኋላ እየተከተሉ ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ።

«ኬንጂ እንቅልፋም ነበር» አሉ አያ ይግዛው። «ማማው ላይ ፀሐይ ስትሞቀው ድፍት ይላል። ወፍ መጣ፣ ተነሥ፣ እያልኩ የምቀሰቅስ እኔ ነኝ። ሲነቃ ታዲያ ስለ በረዶው ያወራኛል።»

«ምን ብሎ?»

«ሩዙ ከታጨደ በኋላ ይወርዳል አለኝ። ማታ ትተኛለህ፤ ጧት ስትነሣ ማሳህ የለም። ጋቢ ለብሶ ተኝቷል። ድንበሩ አይታይም፤ የእኔ ማሳ የአንተ ማሳ የሚባል ነገር የለም። ደግሞ ድምፅ ይበላል አለኝ። ውሻ ሲጮህ እንኳ ከሩቅ፣ ከሌላ ዓመት የሚጮህ ይመስላል አለኝ።»

እኔ ያላየሁትን አልጽፍም ብያለሁ። ይህን ግን አየሁት። መጀመሪያ የወረደው ከሩቅ፣ ከሐይቁ በኩል ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ እያመነታ። ከዚያ ከብቱ ጀርባ ላይ አረፈ። ውኃ የወሰደው ማማ ተመልሶ ቆሞ ነበርና እሱም ላይ አረፈ። የጎንደር መንገድ ነጣ፤ ጭነት መኪኖቹ ድምፃቸውን አውልቀው በቀስታ ያልፋሉ። ሐጂ ኑሩ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ፤ ከመርፌው ሥር የሚወጣው ጨርቅ ማለቂያ የለውም፤ ሜዳውን ሁሉ ያለብሳል። ያ ቡሬ በሬ እንኳ መጣ፤ ነጭ ብቻ ሆኗል፤ ቀይ ነህ ጥቁር ነህ የሚለው የለም። ቀዘቀዘኝ አላልኩም። ዝምታው ብቻ እንደ ውኃ እስከ ጉልበቴ፣ እስከ ደረቴ ሞላ።

ለመዝገቡ ያህል፣ አንቀላፍቼ ነበር። አያ ይግዛውም እንደዚያው።

የቀሰቀሰን የእትዬ ጥሩነሽ ድምፅ ነው። «ኧረ ወፉ! ወፉ ጨረሰው! ሁለት ሽማግሌ ለአንድ ወረቀት አነሳችሁ?»

ዘልዬ ስነሣ የወፍ መንጋ ከሸራው ላይ ብር አለ። ከዚያ ሁሉ ሩዝ መካከል የመረጡት የእኛን ነው፤ የተፈተገ፣ የተቀቀለ፣ በሰማያዊ ገበታ ላይ የቀረበ። በጨረሮቹ ጫፍ የነበረው ሩዝ የለም። መካከሉ የለም። ወፉ ሩዙን ሲለቅም ወረቀቱንም አብሮ በስቶ አልፏል፤ ሰማያዊው ሜዳ እንደ ወንፊት ሆኗል። በረዶው ራሱ ሁለት ጨረሩ ተቦጭቆ አራት ቀርቶታል። መጀመሪያ ወደ ጀመርንበት ወደ መስቀሉ ተመልሰናል።

ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ሊሆን አሥር ደቂቃ። ሰላም ዘጠኝ ሰዓት ላይ መገንጠያው ላይ ሚኒባስ ትሳፈራለች።

በባጃጁ ውስጥ አያ ይግዛው ካርዱን እንደታመመ ጫጩት በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ዕድሜያቸውን ሁሉ ወፍ የጠበቁ ሰው ናቸው፤ የሚጠብቁት ሩዝ ሁልጊዜ የሚያልቅ፣ የሚተካ ነገር ነበር። ይሄ ግን አንድ ነው።

ሰላም ሻንጣዋን አስቀምጣ ሐጂ ኑሩ በረንዳ ላይ ትጠብቀናለች። ሐጂ ካርዱን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ሌላ ቁረጡልን፣ ሐጂ» አልኳቸው። «ጊዜ አለ።»

«በረዶውን እቆርጥ ነበር። ሰማዩንስ ከየት አመጣለሁ?»

እውነት ነው። «ጎርፍ» የሚለው ሽፋን አንድ ብቻ ነበር። «ይቅር እንግዲህ፣ አያ» አልኩ፤ «ይህን የመሰለ ነገር ለታመመ ሰው አይላክም። ሰላም በቃል ሰላምታ ታድርስልዎት።»

«በቃል የሚነገረውንማ ረስቶታል» አሉ አያ ይግዛው። ካርዱን ወደ ፀሐይ አንሥተው ጉዳቱን መመርመር ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ እየሾለከ በጋቢያቸው ላይ፣ በጢማቸው ላይ፣ በግንባራቸው ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወርዳል። ካርዱን ሲያገላብጡት ነጠብጣቦቹ ይንሳፈፋሉ።

«ይግዛው፣ እንዳትንቀሳቀስ» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። «ፊትህ ላይ እየወረደ ነው።»

ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋ። አያ ይግዛው ካርዱን ለሰላም ሰጧት። «ውሰጅው፣ ልጄ። እንዳለ ውሰጅው።»

«አንድ ደቂቃ» አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሳይብራራ ሲወጣ ዝም ማለት አልችልም። በካርዱ ጀርባ ላይ ጻፍኩ፦ «ማረሚያ። ቀዳዳዎቹ የተሠሩት በላኪው አይደለም። በወፍ ነው።» በሕይወቴ ሁለተኛው ማረሚያ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ረጅም ነበሩ። አያ ይግዛው ገበያ ሲወጡ ቤቴ ጎራ ይላሉ፤ «ወሬ አለ?» አይሉም፤ «ወረቀት አለህ?» ብለው ይቆዩና ሳይወስዱ ይሄዳሉ።

ቪዲዮው ስልኬ ላይ የገባው አንድ ሐሙስ ጧት ነው። ብቻዬን አልከፈትኩትም። ባጃጅ ይዤ ወረድኩ። አያ ይግዛውና እትዬ ጥሩነሽ የቀረውን ሩዝ አስጥተው አገኘኋቸው። ሦስታችንም ስልኬ ላይ አጎነበስን።

አንድ ነጭ ፀጉር ያለው ቀጭን ሽማግሌ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ከመስኮቱ ውጭ ይወርዳል፤ በስልክ ስለሆነ እንደ ምስክርነት አልቆጥረውም፤ ግን ይወርዳል። ሚስቱ ካርዱን እጁ ላይ አኖረችለት። ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ እንደ ሰው ዕቃ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ጽሑፉን ሰላም ተረጎመችለት። በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ኢትዮጵያ አሉት። ዝም አለ። ወረታ አሉት። ዝም አለ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሽማግሌው ካርዱን ወደ መስኮቱ አነሣ። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ገባ። ጣቱን ወደ አንዱ ቀዳዳ ሰደደ። ወደ ሁለተኛው። ወደ ሦስተኛው። ጠርዛቸውን ዳሰሰ። ማረሚያዬን ገና ማንም አላነበበለትም፤ ይህን ሰላምን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ቅንድቡ ቀስ እያለ ተሰበሰበ፤ ማሳው የተበላበት ሰው ቅንድብ። ከዚያ ተነሣ። ወንበሩ ወደቀ። እጁን አጨበጨበ።

«ሁሽ! ሁሽ!» አለ። ቀጥሎም ወደ ጎኑ፣ ማንም ወደሌለበት ወደ ግራው ዞሮ፣ የአንድ ሰው ትከሻ እንደሚነቀንቅ አየሩን ነቀነቀ። «አያ! ወፍ መጣ! አያ፣ ተነሥ!»

ቪዲዮው እዚያ ላይ ቆመ።

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ዕንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ወገባቸውን ያዙ። «ይሄው! ይሄው! እንቅልፋሙ ማን እንደሆነ ታወቀ! ይህን ሁሉ ዘመን በሰው ስታሳብብ!»

አያ ይግዛው ስልኬን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። እኛ ስናወራ ወፉ ሸራው ላይ ወርዶ ሩዙን ይለቅማል፤ የሚከለክለው የለም።

«ሰማህ?» አሉኝ። «ሰማህ አይደል? ምስክሬ መጣ!»

«አያ» አልኳቸው፤ እውነቱ ይጠራ ብዬ፣ «የመሰከረው በእርስዎ ላይ ነው እኮ።»

«ይመስክርብኝ!» አሉ አያ ይግዛው። «ይመስክርብኝ፣ ወንድሜ ኬንጂ! እኔ ነበርኩ የምተኛ!» ጥቁሩን ስልክ ወደ አፋቸው አስጠግተው «ሁሽ!» ብለው ጮሁበት። የሸራው ወፍ ሁሉ አንድ ላይ ተነሥቶ፣ በበጋው ፀሐይ እየነጣ፣ ወደ ላይ ወረደ።